ደሴ፦ ለቤት ኪራይ የመንግሥት ድጋፍ አለ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሰኞ ገበያ አካባቢ በግለሰብ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ፣ እንጀራ እየጋገሩ የሚያድሩ እናት አሉ። አከራዩ ኪራይ ጨምሯል፤ የስድስት ወር ቅድሚያም በቃል ጠይቋቸዋል። መንግሥት የሚደጉመው ነገር ካለ ከየት ይጀምሩ?

የሆጤው፦ አብሽር። ለኪራይ ተብሎ በጥሬው የሚሰጥ መደበኛ ገንዘብ የለም፤ ያንን ብለው ደጅ እንዳይጠኑ። የቀበሌ ቤት የሚባለው በአዋጅ 47/1967 የተወረሰው ነው። ኪራዩ እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ የያዘው አይለቅም፣ ክፍት ቤት ብርቅ ነው። ቢሆንም በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ማመልከቻው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥርና ቀን ይሰጠው፣ ቅጂው እጃቸው ላይ ይቅር። «ቁልፍ እንሽጥልዎ» የሚል ደላላ ከመጣ ይሽሹት። ቤቱ የመንግሥት ነው፤ ቢያስለቅቋቸው የከፈሉት ብር ውሃ በላው።

ውል አዋቂ፦ እኔ የምቸኩለው ለውሉ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ 1320/2016 ውል በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ ይላል። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ስድስት ወር የሚባል ነገር የለም። ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንዴ በሚያወጣው ልክ እንጂ አከራዩ ባሻው ቀን አይደለም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ በክልል አዋጁ የሚሠራው ክልሉ በወሰናቸው ከተሞች ነው። ስለዚህ የከተማው ቤቶች ጉዳይ ክፍል ምዝገባ መጀመሩን አስቀድመው ይጠይቁ።

ብዙ ጊዜ ነገር የሚበላሸው ዋጋው ላይ ነው። አከራይ ግብር ለመቀነስ 4,000 የሚያከራየውን 2,000 ብሎ ያጽፋል። ተከራይ እሺ ካለ፣ ጠብ ሲነሳ የቀረውን መክፈሉን ማስረዳት አይችልም። ኪራዩ በባንክ ይግባ፣ ምክንያት የሚለው ላይ «የኅዳር ወር ቤት ኪራይ» ተብሎ ይጻፍ።

ሮቢት፦ ሴፍቲኔትንም፣ ማለትም የከተማ ድሆችን የሚደግፈውን የመንግሥት ፕሮግራም፣ አትርሱ። ደሴ ፕሮግራሙ በ2009 ሲጀመር ከ11ዱ ከተሞች አንዷ ነበረች። መሥራት የሚችል በአካባቢ ልማት ሥራ ይገባል፤ አቅመ ደካማ ከሆኑ ቀጥታ ድጋፍ ነው። የልማት ሥራ ተከፋይ 20 በመቶው ለቁጠባ ስለሚቀር፣ ኪራይ ሲታሰብ በ80ው ይታሰብ። የሚመለምለው የሰፈር ኮሚቴ ነው፤ የቀበሌ መታወቂያ ከሌላቸው መጀመሪያ እሱን ይጨርሱ፣ አዲስ ዙር ሲከፈት አይደርስም።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያሉ ልጆችም አንድ ክፍል ለአራት ይዘዋል፤ ውሉ በአንዷ ስም ነው።

ውል አዋቂ፦ አራቱም ስማቸው ይግባ። ውሉ ላይ የሌለች ልጅ ደባል ናት፤ ተዋዋይዋ የለቀቀች ዕለት የምትከራከርበት ወረቀት የላትም።