ብሌንደር (የ3ዲ ሶፍትዌር) ላይ ከለር ፒከሩ (ቀለም መምረጫው) የትኛው ሞድ ላይ እንዳለ በኮድ እንዴት ይታወቃል? አስቸኳይ!

ሬንደር ቤት፦ ጓዶች ድረሱልኝ። የተመረጠውን ቀለም በቁጥር የሚያሳይ አድኦን (ብሌንደር ላይ የሚጫን ተጨማሪ ኮድ) ጽፌያለሁ። እኔ ጋ ልክ ነው። ደንበኛዬ ጋ ግን ንጹህ ቀይ ሲመርጥ ፒከሩ 0.5 ይላል፣ የኔው ፓናል 1 ይላል። ማታ ማስረከብ አለብኝ።

ቀለም ቀቢ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው እኮ። ንጹህ ቀይ በኤችኤስቪ (ቀለምን በዓይነቱ፣ በሳቹሬሽንና በቫልዩ የሚገልጽ) ቫልዩው 1 ነው፤ በኤችኤስኤል (በቫልዩ ፈንታ ላይትነስ ያለው) ደግሞ ላይትነሱ 0.5። የደንበኛህ ፒከር በኤችኤስኤል፣ ያንተ ፓናል በኤችኤስቪ ነው የሚያሳየው። ኤችኤስኤል ላይ 1 ብታደርገው ነጭ ይሆንብሃል። መሠረቱን ሳይዙ ኮድ ውስጥ መግባት ጥሩ አይደለም። ሁለቱን አንድ ቀን ቁጭ ብለህ እያቸው።

አሮጌ ላፕቶፕ፦ ደንበኛው ፕሪፈረንስስ ውስጥ ኢንተርፌስ ስር ገብቶ ከለር ፒከር ታይፕን ወደ ሰርክል ኤችኤስቪ ይመልሰው። አለቀ።

ሬንደር ቤት፦ የሰው ሴቲንግ አልነካም። ኮዱ ራሱ እንዲያውቅ ነው የምፈልገው።

ፓይተን ለማጅ፦ ከኮንቴክስት ላይ ዩዘር ፕሪፈረንስስ፣ ከዚያ ቪው፣ ከዚያ ከለር ፒከር ታይፕ ብለህ አንብበው።

ሬንደር ቤት፦ ዩዘር ፕሪፈረንስስ የሚባል ነገር የለም ብሎ ኤረር ሰጠኝ።

አሮጌ ላፕቶፕ፦ ወደ ኤችኤስቪ ይመልሰው አልኩህ እኮ ወንድሜ።

ሦስት ማዕዘን፦ የለማጅ መንገድ ትክክል ነው፣ ስሙ ነው ያረጀው። ከ2.80 ጀምሮ ዩዘር የሚለው ቀርቶ ፕሪፈረንስስ ብቻ ሆኗል። የሚመልስልህ ከአምስት የፒከር ዓይነቶች አንዱን ነው፦ ሁለቱ ክብ፣ ሦስቱ ካሬ። ሰርክል ኤችኤስኤል ከሆነ የቀለሙን ቁጥር ኮድህ ውስጥ ወደ ኤችኤስኤል ቀይር፣ አለበለዚያ ኤችኤስቪ ይበቃሃል።

ጥላና ብርሃን፦ ለምን ሞዱን ትከተላለህ? ፒከሩ ክብም ይሁን ካሬ፣ ብሌንደር ለፓይተን የሚሰጥህ ያው አርጂቢ (የቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መጠን) ነው። አርጂቢውን ብቻ አሳይና ተገላገል።

ሬንደር ቤት፦ ደንበኛው ፒከሩ ላይ የሚያየውን ቁጥር ካላየሁ ብሏል።

ሦስት ማዕዘን፦ እንግዲያው አንብበው። ግን ተጠንቀቅ፦ አርጂቢን ወደ ሌላ የሚቀይረው የፓይተን ከለርሲስ ሞጁል የሚመልሰው በኤችኤልኤስ ቅደም ተከተል ነው። ላይትነሱ መሃል ላይ ነው የሚመጣው። ኤችኤስኤል ነው ብለህ ካነበብክ ሁለቱ ቁጥሮች ይቀያየሩብሃል።

ሸራ፦ ይቅርታ መሃል ገባሁ። እኔ ጋ ግራጫ 0.5 ስመርጥ ሌላ ሶፍትዌር ላይ 188 ይሆናል። ይሄም ከሞዱ ነው?

ጥላና ብርሃን፦ አይደለም። 0.5ቱ ሊኒየር (ትክክለኛው የብርሃን መጠን) ነው፣ ወደ ኤስአርጂቢ (ስክሪን ላይ ወደሚሠራበት መለኪያ) ሲቀየር ከ255 ውስጥ 188 ገደማ ይሆናል። ፕሮፐርቲውን ስትፈጥር ሰብታይፑን ከለር ሳይሆን ከለር ጋማ አድርገው።