እናቴን ይዤ ወደ ቡርጎኝ፦ የት እንደር? በምን እንሂድ?

የማርቆስ ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ አስተማሪ ነኝ። ታላቅ እህቴ ፈረንሳይ አገር ሊዮን ትኖራለች፤ ለክረምቱ እረፍት እናታችንን ይዤ እንድመጣ ጠርታናለች። ፍልሰታን እዚሁ ፈስከን፣ በነሐሴ መጨረሻ ወጥተን፣ እንቁጣጣሽን እሷ ቤት ልናከብር ነው ሐሳቡ።

እናቴ ሠላሳ ዓመት ጠጅ ጥላ ነው ያሳደገችን። እህቴ በስልክ ቡርጎኝ የሚባለውን የፈረንሳይ የወይን አገር የወይን ጠጅ በርሜሎች ካሳየቻት ወዲህ "በምን ያጥኑታል? ጌሾ ከሌለው ምን ያፈላዋል?" እያለች መያዣ መጨበጫ አሳጥታኛለች። በዓይኗ እንድታየው ሦስት ሌሊት እዚያ እናድራለን። እህቴ ሥራ ስላለባት የምትደርስብን በመጨረሻው ቀን ነው። እኔ ፈረንሳይኛ አልችልም። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች። ከቡርጎኝ ከተሞች ዲዦን እንደር ወይስ ቦን? መኪና ልከራይ? ከፓሪስስ እንዴት እንወጣለን?

የሞጣው፦
ወንድሜ፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ። ዲዦን ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ፤ አንድ ክረምትም ወይን ለቀማ ሠርቻለሁ።

ፓሪስ ከተማ ውስጥ አትግቡ። አውሮፕላኑ ሻርል ደ ጎል ያወርዳችኋል፤ እዚያው ተርሚናል 2 ውስጥ የፈጣን ባቡር ጣቢያ አለ። በቀጥታ ሊዮን ፓርዲዩ ጣቢያ የሚገባው ሁለት ሰዓት ገደማ ነው የሚፈጀው። አውሮፕላን ሊዘገይ ስለሚችል በመካከሉ ሦስት ሰዓት ተው። ትኬቱ ላይ 14፡07 የሚል ካየህ በእኛ አቆጣጠር 8 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ነው፤ በዚህ ምክንያት ባቡር ያመለጠው ሰው አውቃለሁ። እህትህ ቤት አንድ ሁለት ቀን ካረፋችሁ በኋላ፣ ከሊዮን ወደ ዲዦን የሚሄደው የክልል ባቡር ቦን ላይ ይቆማል። የፈጣኑን ትኬት ቀደም ብለህ ስትገዛ ይረክሳል፤ ለክልሉ ባቡር መቀመጫ መያዝ አያስፈልግም።

ማደሪያችሁ ቦን ይሁን፤ ሦስቱንም ሌሊት አንድ ቤት። ዲዦን ትልቅ ከተማ ነው፣ ማደሪያም እንደልብ ይገኛል፤ ግን ለእናትህ ጉልበት በየቀኑ ባቡር መውጣት መውረድ ይሆናል። ቦን ግን አሮጌው ከተማ በግንብ የታጠረ ነው፣ ከጣቢያው በእግር አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው፤ የወይን ጓዳዎቹም ከመንገዱ ሥር ናቸው። ደረጃቸው ቁልቁል ስለሆነ ስንት ደረጃ እንዳለው ቀድመህ ጠይቅ። ጓዳው በክረምትም በበጋም ቀዝቃዛ ነውና ጋቢያቸውን ይያዙ።

መኪናውን ተወው። የእኛ መንጃ ፈቃድ የፈረንሳይኛ ትርጉም ወይም ዓለም አቀፍ ፈቃድ ይፈልጋል፤ በሕጉ አንድ ሊትር ደም ውስጥ 0.5 ግራም አልኮል ከደረሰ ያስቀጣል። ለገጠሩ መንደር ግማሽ ቀን ሹፌር ያለው መኪና ያዙ። ኑዊ ሳን ዦርዥና ሜርሶ የሚባሉት የወይን ቦታዎች ደግሞ በክልል ባቡር ይደረሳል። በእሑድ አትግቡ፤ ባቡሩ ይቀንሳል፣ ብዙ ቤትም ዝግ ነው። ነሐሴ መጨረሻ ለቀማው የሚጀመርበት ስለሆነ ትናንሽ አምራቾች እንግዳ አይቀበሉም፤ ከተማው ውስጥ ካሉት ትልልቅ የወይን ቤቶች በኢሜይል ቀጠሮ ያዝ።

አሁን ለእናትህ ጥያቄ። ጌሾ የለውም፤ የሚያፈላው ፍሬው ላይና ጓዳው ውስጥ ያለው እርሾ ነው፣ ከውጭ እርሾ የሚጨምርም አለ። ቀዩ፣ ፒኖ ኗር የሚባለው፣ ከነልጣጩ ይዘፈዘፋል። ልጣጩ ሲንሳፈፍ በእንጨት ወደ ታች ይደፍቁታል፤ ልክ እሳቸው ጌሾው ሲንሳፈፍ እንደሚያማስሉት። በርሜሉ ባሉጥ ከሚባል ዛፍ ይሠራል፤ ሲሠራ ውስጡን በእሳት ይጠብሱታል። ባዶውን ሲያስቀምጡት ደግሞ ድኝ ያጨሱበታል።

አንድ ነገር ቀድመህ ንገራቸው፦ እዚያ ሲያስቀምሱ ቀምሶ መትፋት ነውር አይደለም፣ ማስቀመጫ ይቀርባል። እኔ መጀመሪያ ቀን የሰው ቤት መጠጥ መትፋት አቅቶኝ የቀረቡልኝን ስድስቱንም ብርጭቆ ጠጥቻለሁ።

ቦን ያለውን ኦቴል ዲዩን ግን ሳታዩ እንዳትመለሱ። ኒኮላ ሮላን የተባለ የቡርጎኙ መስፍን ሹም በ1443 በአውሮፓ አቆጣጠር ለድሆች ያቆመው ሆስፒታል ነው፤ ሕመምተኛ እስከ 1971 ይተኛበት ነበር። ሰው ለነፍሱ የወይን መሬት ይሰጠው ነበር፣ ወይኑም እየተሸጠ ለሕሙማን ይውላል። እናትህ የገዳም ርስት ምን እንደሆነ ስለሚያውቁ ማስረዳት አይቸግርህም። የወይኑ ጨረታ በኅዳር ነው፤ ያን ሰሞን ማደሪያ ማግኘት ከባድ ነው።

ባሕር ዳሬዋ፦
የሞጣው ስለ ማደሪያው አያያዝ ዝም አለ፣ እኔ ልጨምር። ባለፈው አማቴን ይዤ በኢንተርኔት የያዝነው ቤት ማታ ስንደርስ የሚቀበል ሰው የለም። የበሩ ኮድ በስልክ ተልኮ ኖሯል፤ ስልኬ ደግሞ ኢንተርኔት የለውም። ሻንጣ ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ የአማቴን እግር ሳሸት አመሸሁ። ስለዚህ ስንት ሰዓት እንደምትገቡ ጻፍላቸው፣ ኮዱን በወረቀት ያዝ፣ አሳንሰር አለ ወይ ብለህ ጠይቅ፤ አሮጌ ቤቶች የላቸውም። ለጾሙ ማብሰያ ያለው ክፍል ያዝ፤ ሽሮና በርበሬ ይዘህ ግባ። ቅቤና ቋንጣ አትያዝ፣ ሥጋና የወተት ውጤት ማስገባት ክልክል ነው። ማር ለአንድ ሰው እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል።

ቪዛው ሳይወጣ የማይመለስ ገንዘብ አትክፈል፤ ማደሪያውን ያለ ቅጣት በሚሰረዝ ያዝ። እህትህ ከምትኖርበት ማዘጋጃ ቤት የእንግዳ መቀበያ ማረጋገጫውን አውጥታ ዋናውን ትላክልህ፤ ኢንሹራንሱ ከ30,000 ዩሮ እንዳያንስ። ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ይቻላል። የአሻራው ቀን አዲስ አበባ ስለሆነ ከማርቆስ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ውጡ።

የማርቆስ ልጅ፦
እግዜር ያክብርልኝ። ቦን ምድር ቤት ያለ፣ ማብሰያ ያለው ክፍል አገኘሁ፤ የሚሰረዝ ነው። መኪናው ቀርቷል። ጽሑፋችሁን ለእናቴ አነበብኩላት፤ ድኙ ላይ ስደርስ "አይከረፋም?" ብላ ሁለቴ አስደገመችኝ። አሁን ጓዳውን ለሚያሳያት ሰው ብርሌ ልውሰድለት እያለች ነው። ከጋቢዋ ጋር ጠቅልዬ ሻንጣ ውስጥ ባስገባው ይሰበራል ወይስ በእጄ ልያዘው?

ባሕር ዳሬዋ፦
በእጅህ። ሻንጣ ይወረወራል። ባዶ ይሁን እንጂ።