ደሜ ውስጥ ያልበዙት ሴሎች አፍንጫዬ ውስጥ ምን ያደርጋሉ?

አስነጣሹ
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። ድመት ያለበት ቤት ከገባሁ አስር ደቂቃ አይሞላም፣ ማስነጠስ እጀምራለሁ። ዓይኔ ይቀላል፣ አፍንጫዬ ዝም ብሎ ይፈሳል። ፀረ ሂስታሚን ክኒን ስውጥ ጋብ ይላል። ተገላገልኩ ብዬ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ከስድስት ሰባት ሰዓት በኋላ፣ ድመቷ በሌለችበት፣ አፍንጫዬ ጥርቅም ይላል። ያኔ ክኒኑ አይነካውም።

ሰሞኑን ተመረመርኩ። የደም ውጤቱ ኢዮሲኖፊል የሚባለው የነጭ ደም ሴል ጤናማ መጠን ላይ ነው ይላል። ከአፍንጫዬ በጥጥ የተወሰደው ናሙና ግን ኢዮሲኖፊል ሞልቶበታል። ደሜ ውስጥ ካልበዙ ከየት መጡ? ማንስ ጠራቸው? ሐኪሙ «አለርጂ ነው» ብሎ የሚነፋ ስቴሮይድ ጻፈልኝና ቀጣዩን ታካሚ አስጠራ።

መንገደኛው
ከሁለት አንዱ ተሳስቷል። ሌላ ቦታ አሠራው።

የስላይድ ሰው
ኧረ ማንም አልተሳሳተም። በማይክሮስኮፕ ስላይድ ሳይ ነው የምውለው፣ እንዲህ ዓይነት ውጤት ብርቄ አይደለም። ኢዮሲኖፊልን አንዴ ያየ አይረሳውም። ኒውክለሱ ሁለት አንጓ ነው፣ መነጽር ይመስላል። ዙሪያውን ደማቅ ቀይ ቅንጣት ሞልቶታል። ኢዮሲን የሚባለውን ቀለም በደንብ ስለሚጠጣ ነው ስሙ፤ ጀርመናዊው ሐኪም ፖል ኧርሊክ እ.ኤ.አ. በ1879 ነው ያስተዋወቀን።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ለኢዮሲኖፊል ደም መንገዱ ነው እንጂ ቤቱ አይደለም። መቅኒ ውስጥ ይሠራል፣ ደም ውስጥ ለሰዓታት ይዞራል፣ ከዚያ ወጥቶ ሥጋ ውስጥ ይቀመጣል። የደም ቆጠራ መንገድ ላይ ያሉትን መኪኖች እንደ መቁጠር ነው። ስንቱ ግቢ ገብቶ እንደቆመ አይነግርህም።

የመጀመሪያው ማስነጠስ የማስት ሴል፣ አፍንጫህ ሥጋ ውስጥ የተቀመጠ የመከላከያ ሴል፣ ሥራ ነው። የሚያስነጥስህን ኬሚካል፣ ሂስታሚንን፣ ቀድሞ አዘጋጅቶ ይዞታል፤ የድመቷ ፕሮቲን ላዩ ላይ ያለውን አይጂኢ የሚባል ፀረ እንግዳ አካል ሲነካ ወዲያው ይዘረግፈዋል። ለዚህ ደቂቃ ይበቃል። ግን በዚያው አያበቃም። እሱና ቲ ሴሎች የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ኢንተርሉኪን 4 እና 13 የሚባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን ይለቃሉ። የአፍንጫህ ሽፋን ሴሎች ይህን ሲሰሙ ኢዮታክሲን ማምረት ይጀምራሉ። ይሄ አዲስ የሚሠራ ፕሮቲን ነው፤ ጂኑ መነበብ፣ ፕሮቲኑ መገጣጠምና መውጣት አለበት። ያንተ ስድስት ሰዓት እዚህ ጋ ነው የሚያልቀው።

ኢዮታክሲን ኬሞካይን ከሚባሉት ትንንሽ ጠሪ ፕሮቲኖች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የጊኒ ፒግ ሳንባ ከታጠበበት ፈሳሽ ተለይቶ ተገኘ። እኛ ውስጥ ሦስት ዓይነት አለ፦ ሲሲኤል 11፣ 24 እና 26። ሦስቱንም የሚሰማው ተቀባይ ሲሲአር 3 ነው፣ ኢዮሲኖፊል ደግሞ በዚህ ተቀባይ የተሸፈነ ነው። ኒውትሮፊል የሚባለው ሌላው ነጭ የደም ሴል ተቀባዩ በአብዛኛው ስለሌለው ጥሪው አይሰማውም።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ግን አጠራሩ ነው። ፕሮቲኑ ደም ውስጥ ቢንሳፈፍ ኖሮ ወዲያው ተጠርጎ ይሄድ ነበር። ስለዚህ የደም ሥሩ የውስጥ ግድግዳ ላይ፣ የስኳር ሰንሰለቶች ላይ ተለጥፎ ይጠብቃል። ኢዮሲኖፊሉ ግድግዳውን እየታከከ ሲንከባለል ይነካዋል። በዚያች ቅጽበት ላዩ ላይ ያሉት መያዣዎች ግድግዳውን አጥብቀው ይይዙና ቀጥ ብሎ ይቆማል። ይጠፈጠፋል። በሁለት ሴሎች መሀል ሾልኮ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ጥሪው ወደሚበረታበት አቅጣጫ እየዳኸ ነው የሚሄደው።

ክኒንህ የሂስታሚንን በር ብቻ ነው የሚዘጋው። ስቴሮይዱ ግን የጠሪዎቹን ምርት ይቀንሳል። ለዚህ ነው ቀናት የሚፈልገው።

አስነጣሹ
እንዲህ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም፣ ተባረክ። ታዲያ ሲሲአር 3ን ራሱን ለምን አይዘጉትም?

ተመራቂዋ
ተሞክሯል፣ የታሰበውን ያህል አልሆነም። ኢዮሲኖፊል ሌላም ጥሪ ይሰማል። የተሳካው ከላይ ሲያዝ ነው። ሜፖሊዙማብ የሚባለው መድኃኒት መቅኒውን ኢዮሲኖፊል አምርት የሚለውን መልእክተኛ፣ ኢንተርሉኪን 5ን፣ ይይዛል፣ ያኔ መቅኒው ብዙ አያመርትም። ዱፒሉማብ የሚባለው ደግሞ የኢንተርሉኪን 4 እና 13ን ተቀባይ ይዘጋል፣ ኢዮታክሲን ይቀንሳል። እና ምን ይሆናል መሰለህ? አንዳንድ ታካሚዎች ደም ውስጥ ኢዮሲኖፊል ለጊዜው ይጨምራል! ከመቅኒ ይወጣሉ፣ ግን የሚጠራቸው ስለሌለ መንገድ ላይ ይቀራሉ። ያንተ ውጤት ግልባጭ በለው።

አስነጣሹ
ስፕሬዩን ሦስት ቀን ነፍቼ «አይሠራም» ብዬ መሳቢያ ውስጥ ወርውሬው ነበር። አሁን አወጣሁት።

የስላይድ ሰው
በየቀኑ ንፋው፣ ያላመመህም ቀን። ጫፉን ወደ መሀለኛው ግድግዳ አታዙረው፣ ያደማሃል። ወደ ጎን፣ ወደ ጆሮህ አቅጣጫ።