የዕቅድ ውይይት፦ የጸጋዬ ምሽት (የንባብ ማኅበሩና የእድሩ የጋራ ፕሮፖዛል)

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፕሮፖዛሉ ነገ እሑድ ማታ ለቤተ መጻሕፍቱ መድረስ አለበት፣ እኛ ግን እስካሁን ያለን ርዕስ ብቻ ነው፤ «ሕይወትና ሞት በጸጋዬ ገብረመድኅን ግጥሞች»። ሐሳባችሁን እዚሁ ጻፉ። በግል አትላኩልኝ፣ ይጠፋብኛል።

አንባቢ ከአሌክሳንድሪያ፦
ርዕሱ የመመረቂያ ጽሑፍ ነው የሚመስለው፣ ማን ይመጣል? «እሳት ወይ አበባ» የሚለውን የግጥም መድብሉን ከዳር እስከ ዳር እንነካለን ካልን ደግሞ ያው ሁሌም እንደሚሆነው ሁለተኛው ተናጋሪ ላይ ሰዓቱ ያልቃል። አንድ ግጥም እንምረጥ። እኔ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» እላለሁ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጣሊያን አቡነ ጴጥሮስን የረሸነው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ነው። ጸጋዬ አምቦ አጠገብ፣ ቦዳ የተወለደው ነሐሴ 11 ቀን 1928 ነው። ቁጠሩት፣ 19 ቀን! የአቡኑ አርባ ሳይወጣ ነው ልጁ የመጣው።

ገንዘብ ያዥ፦
ይቅርታ፣ ግን ምሽቱ ሙሉ ለቅሶ ሊሆን ነው? ዘንድሮ ስንት ሰው ቀበርን። «አዋሽ» ይነበብ፣ «አይ መርካቶ» ይነበብ። ሰው ትንሽ ይተንፍስ እንጂ።

ጡረተኛው መምህር፦
እህቴ፣ መርካቶው ይሁንልሽ። አዋሽ ግን ምኑ ያስተነፍሳል? ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ፣ ስንቱን ሸንኮራና ጥጥ አጠጥቶ፣ ባሕር ሳያይ ጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ የሚቀር ወንዝ እኮ ነው። ለጸጋዬ ደግሞ የሰፈሩ ውሃ ነው።

ጴጥሮስን የምደግፈው ግን በሌላ ምክንያት ነው። ያ 2005 ላይ ለባቡር ሥራ ተብሎ ሲነሳ ሆዳችንን ያባባው የአቡኑ ሐውልት አለ አይደል? እሱን ሳይ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ አቡኑ ፍርሃት የሚባል ነገር የማያውቁ ይመስለኝ ነበር። ግጥሙ ላይ ግን ይፈራሉ። አፍ አውጥተው «ፈራሁ» ይላሉ። እመብርሃንን ይለምኗታል፣ እንደ ልጅ ይወቅሷታል፣ መሸሸጊያ ያጣሉ። ከዚያ በኋላ ነው የሚጸኑት። ፍርሃቱን ዘሎ የሚያነብ አንባቢ ስንሰማ ኖረናል፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ የሚጮህ።

የእድሩ ሊቀመንበር፦
ልጆች፣ እኔ የግጥም ሰው አይደለሁም፣ ሥራዬ ሬሳ ማስሸኘት ነው። መምህሩ የጻፉት ግን ከንክኖኝ ተነስቼ ተቀመጥኩ።

ባለፈው ክረምት አንድ አባላችን ጋር ሆስፒታል አደርኩ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እጄን ያዘና «ጋሼ፣ ፈራሁ» አለኝ። የምለው ጠፋኝ። ብርድ ልብሱ ከእግሩ ላይ ተንሸራቶ ነበር፣ እሱን መለስኩለት። ቀብሩ ላይ ስናገር ግን «ሞትን በጀግንነት ተቀበለ» አልኩ። ሁላችንም እንዲያ ነው የምንለው።

በእድሩ በኩል አሥር ደቂቃ እንፈልጋለን። ሎሬት ጸጋዬ ለኩላሊት ሕክምና ኒውዮርክ መጥተው፣ ዓመታት ቆይተው፣ የካቲት 1998 እዚያው አረፉ። አስከሬናቸው አገር ገብቶ ሥላሴ ተቀበሩ። እዚህ አሜሪካ እንቀበር ወይስ አገር ቤት የሚለው ጥያቄ በየስብሰባችን ይነሳል፣ ሁሌም ስለ ገንዘቡ ብቻ አውርተን እንበተናለን።

አንባቢ ከአሌክሳንድሪያ፦
ጋሼ፣ አሥር አይበቃዎትም፣ ሃያ ይውሰዱ። የእኔን የመግቢያ ንግግር ሰርዙት።

ገንዘብ ያዥ፦
እሺ ተረታሁ። ግን መርካቶዬን አልተውም፣ መጨረሻ ላይ ይነበብልኝ፣ ሰው ወጉን ይዞ ይውጣ። ቡናና ዳቦ ከእኛ፣ ወንበር መደርደር ከእድሩ። ሌላው፣ በሩ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ እንዳለፈው ዓመት ጥበቃው መብራት እያጠፋ እንዳያስወጣን።

ጡረተኛው መምህር፦
ከጀርባ ክራር አይግባ፣ አደራ። ጴጥሮስን አንድ ሰው ብቻ፣ ቁጭ ብሎ፣ ቀስ ብሎ ያንብበው።

ጸሐፊ፦
እንዲህ አድርጌ ጻፍኩት። ርዕስ፦ «አርባው ሳይወጣ»። መክፈቻው ሁለቱ ቀኖች፣ ሐምሌ 22 እና ነሐሴ 11። ከዚያ ጴጥሮስ፣ ያለ ሙዚቃ። ቀጥሎ የእድሩ ሃያ ደቂቃ። ከዚያ አዋሽ፣ መዝጊያው መርካቶ። የድሮው ርዕስ እንደ ማብራሪያ ከሥር ይግባ፣ ቤተ መጻሕፍቱ እንዲገባው።

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። የሆስፒታሉን ነገር መድረክ ላይ ይናገሩታል? ፕሮፖዛሉ ውስጥ ላስገባው?

የእድሩ ሊቀመንበር፦
አሁን አታስገባው። ባለቤቱን ነገ ከቅዳሴ በኋላ አገኛታለሁ፣ መጀመሪያ እሷን ልጠይቃት። ፈርቶ እንደነበር እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።