መጤ ተምች በበቆሎ ላይ፦ ቀጥሎ የትኛውን ኬሚካል ልርጭ?

ሰላም ለሁላችሁ። ከጎንደር፣ ደምቢያ ነኝ። የአባቴ በቆሎ ከጉልበት አልፏል፤ መጤ ተምች ግን መላወሻ አሳጥቶናል። እሱ ለመሆኑ አልጠራጠርም፤ ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ ዋይ፣ ወደ ጭራው ደግሞ በካሬ የተቀመጡ አራት ጥቋቁር ነጠብጣቦች አሉት። በ2009 ዓ.ም. አገራችን የገባው ያው ጉደኛ ነው።

ላምዳ ሳይሃሎትሪን ረጭተናል። ትንንሾቹ ረገፉ። የመሃሉን ያልተፈታ ቅጠል ገለጥ አድርጌ ሳይ ግን ትልልቆቹ እርጥብ ሰጋቱራ የመሰለ ኩሳቸውን ከላያቸው ከምረው እንደ ልባቸው ይበላሉ። መድኃኒቱ እታች ድረስ አልገባም ወይስ ለምደውታል? ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ስለማይቀር የምንረጨው በጠዋት ነው።

አሁን ኢማሜክቲን ቤንዞኤት ወይም ክሎራንትራኒሊፕሮል ለመሞከር አስቤአለሁ፤ ያውም የመርጫውን አፍ ቀጥ አድርጌ ወደ እምብርቱ። ጎረቤታችን «ሁለቱን ደባልቀህ ርጭ» ይለኛል፤ እኔ ግን አልተዋጠልኝም። አባቴ ደግሞ አመድና አሸዋ ጨምርበት ባይ ነው። ለጓሮ በቆሎ ይሆናል፤ ለዚህ ሁሉ ማሳ ማን ጉልበት አለው?

እንዲህ ባደገ ተምች ላይ የሠራላችሁ የትኛው ነው? በስንት ቀን ልዩነት ደገማችሁት? ደግሞ ማሳው አጠገብ የአጎቴ ቀፎዎች አሉ፤ ንቦቹን የማይፈጅ መድኃኒት ወይም የመርጫ ሰዓት የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ። በቆሎው አበባ ሊያወጣ ትንሽ ነው የቀረው።