የአባታቸው የመምጫ ቀን በማይታወቅበት ጊዜ ልጆችን የማየት ፕሮግራም እንዴት ይወጣል?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዳማ

ከባለቤቴ ጋር ተለያይተን መኖር ከጀመርን ሰባት ወር ሆኖናል። ፍቺውን በስምምነት ለመፈጸም ተግባብተናል፤ ንብረቱንም በሽማግሌዎች ፊት ያለ ጠብ ተካፍለናል። ያልተቋጨልን የልጆቹ ጉዳይ ብቻ ነው። ሴቷ ዘጠኝ ዓመቷ ሲሆን ወንዱ ገና አራት ዓመቱ ነው። ከእኔ ጋር እንዲኖሩ አባታቸውም ፈቃደኛ ነው፤ ነገር ግን እርሱ ከጅቡቲ ወደብ ጭነት የሚያመላልስ የከባድ መኪና አሽከርካሪ ስለሆነ መቼ እንደሚመጣ እርሱ ራሱም አያውቅም።

ሽማግሌዎቹ ‹‹ቅዳሜና እሑድ ለአባት›› ብለው ነበር። ወደብ ላይ ተራ ሲጠብቅ ወይም መኪናው ሲበላሽ ቅዳሜው ያልፋል፤ ከዚያ ማክሰኞ ማታ በሦስት ሰዓት በር አንኳኩቶ ‹‹ልጆቼን ልውሰድ›› ይላል። ብከለክለው በደልሽኝ ይለኛል፤ ብሰጠው ደግሞ ትንሹ ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ እያለቀሰ ይሄዳል። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የሴት ልጄ ነገር ነው። ቅዳሜ ጠዋት ልብሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንግታ እስከ ቀትር በር ላይ ትቀመጣለች። ባለፈው ሳምንት ‹‹አባዬ የቀረው እኔ ምን አጥፍቼ ነው?›› ብላ ጠየቀችኝ።

ለፍርድ ቤት በምናቀርበው የስምምነት ሰነድ ላይ ይህንን እንዴት ብንጽፈው ይሻላል? የበዓላትና የክረምት ጊዜስ እንዴት ይደረግ? ቢሾፍቱ የሚኖሩት የአባታቸው እናትም ልጆቹን ማየት ይፈልጋሉ።

መልስ፦ በዚያው መስመር የሚሠራ አባት

እህቴ፣ እኔም ከሦስት ልጆቼ እናት ጋር ተለያይቼ በዚሁ መንገድ ላይ ስለምሠራ የጻፉትን ሳነብ የራሴን ቤት ያየሁ ያህል ተሰማኝ። በእኛ ሥራ የሳምንቱን ቀን ስም ጠቅሶ መዋዋል ሁለቱንም ወገን ውሸታም ያደርጋል። እኛን የረዳን ፕሮግራሙን ከቀን መቁጠሪያው አላቅቀን ከመኪናው መመለስ ጋር ማሰራችን ነው። በወር ስድስት ቀን የአባት ነው ብለን ጻፍን፤ ቀኖቹ የትኞቹ እንደሚሆኑ ግን የሚወስነው የእኔ መድረስ ነው።

ለዚህም ሁለት የስልክ ጥሪ አስገዳጅ አደረግን። የመጀመሪያው ጋላፊን አልፌ ወደ አገር ስገባ ለእናታቸው የምደውለው ነው፤ እርሷ ታውቃለች፣ ልጆቹ ግን አይነገራቸውም። ሁለተኛው አዋሽ ስደርስ ነው። ከአዋሽ እስከ አዳማ ያለው መንገድ የሰዓታት ጉዳይ ስለሆነ፣ ልጆቹ አባታቸው እንደሚመጣ የሚሰሙት በዚያን ጊዜ ብቻ ነው። ሚሌ ላይ ስንት ቀን ልንቆም እንደምንችል የምናውቀው እኛ ነን፤ ሕፃን ልጅ ያንን ቆይታ በር ላይ ተቀምጦ ሊከፍልልን አይገባም።

አንድ ነገር በጥብቅ አደራ እላለሁ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ የገባ አሽከርካሪ በዚያው ሌሊት ልጅ አይውሰድ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው፤ ትዕግሥትም የለውም። ታጥቦና ተኝቶ በማግስቱ ይምጣ፤ የእርሱ ቀን የሚቆጠረውም ከዚያ ጠዋት ጀምሮ ይሁን። የትምህርት ቀን ከሆነ ደግሞ ከትምህርት ቤት ተቀብሎ፣ ምሳ አብልቶ፣ የቤት ሥራቸውን አሠርቶ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይመልሳቸው።

ሴት ልጅዎን በተመለከተ፣ እኔ ለትልቋ ልጄ መንገዱን በወረቀት ሥዬ ሰጥቻታለሁ፤ አዳማ፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ሚሌ፣ ጋላፊ። በደወልኩ ቁጥር ያለሁበትን ቦታ በእርሳስ ትከብባለች። ከዚያ ወዲህ ‹‹ለምን ቀረህ?›› ማለቷን ትታ ‹‹የት ደረስክ?›› ማለት ጀምራለች።

መልስ፦ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት

ስለ አራት ዓመቱ ልጅ ልጨምር። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ‹‹ከሦስት ቀን በኋላ›› የሚለውን አይረዳም፤ ‹‹ሁለት ጊዜ ተኝተህ ስትነሣ›› ሲባል ግን ይገባዋል። አዳሩን በአንድ ጊዜ ባትጀምሩት እመክራለሁ። ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጊዜያት ቀኑን ብቻ ከአባቱ ጋር ውሎ ይመለስ፤ ከዚያ አንድ ሌሊት ከእኅቱ ጋር ይደር፤ የለመደውንም ብርድ ልብስ ይዞ ይሂድ። እኅትና ወንድምን በተለያየ ቀን ማመላለስ ለወላጅ ቢቀልም ለትንሹ ከባድ ነው።

ሌላው ከትምህርት ቤት መቀበልን የሚመለከት ነው። ልጁን እንዲወስዱ የተፈቀደላቸው ሰዎች ስም ከሁለታችሁም ፊርማ ጋር ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ይሰጥ። አባት በድንገት መጥቶ ‹‹ልጄን ስጡኝ›› ሲል፣ እናት ደግሞ በስልክ ‹‹እንዳትሰጡ›› ስትል እኛ መምህራን መሐል ላይ እንቆማለን፤ ልጁም ይህን ሁሉ ቆሞ ያያል።

መልስ፦ አንድ አባል

ቀለብ በወቅቱ ካልከፈለ ልጆቹን እንደማያይ በግልጽ ይጻፍ። ያለዚያ ገንዘቡን አያገኙትም።

መልስ፦ በቤተሰብ ጉዳይ የሚሠራ ጠበቃ

ከላይ የተሰጠውን ምክር እንዳይከተሉ እጠይቃለሁ። ቀለብም ሆነ ከወላጅ ጋር መገናኘት የልጁ መብት ነው፤ አንዱ ለሌላው መያዣ ሊሆን አይችልም። ቀለብ ከተቋረጠ ፍርዱን በአፈጻጸም መጠየቅ ይቻላል። ልጆቹን መከልከል ግን የተበደለውን ወገን ራሱን በዳይ ያደርገዋል፤ በችሎት ይህንን ደጋግሜ አይቻለሁ።

በመሠረቱ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጅ ወላጆቹን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ልጆችን በሚመለከት ማንኛውም ውሳኔ ላይም የልጁ ጥቅም እንዲቀድም ያዛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የወሰነውም ይህንኑ መነሻ አድርጎ ነው፤ ከአክስት ጋር ያደገን ልጅ ወላጅ አባቱ ለመውሰድ ባቀረበው ጥያቄ ላይ ከወላጅነት መብት ይልቅ የልጁን ደኅንነት አስቀድሟል።

‹‹ልጅ እስከ አምስት ዓመቱ የእናት ነው›› የሚለው አነጋገር የመጣው ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 113 ይህን የዕድሜ መስመር አልደገመም፤ የወላጆቹ ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና አኗኗር፣ እንዲሁም የልጆቹ ዕድሜና ጥቅም እንዲመዘን ነው ያዘዘው። በአዳማ የሚሠራው የኦሮሚያ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ መሆኑን ግን አይርሱ። የክልሉ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ስምምነቱን በአማርኛ ካዘጋጃችሁት ከማቅረባችሁ በፊት በጥንቃቄ አስተርጉሙት። ‹‹ቀን›› እና ‹‹አዳር›› የሚሉትን ቃላት ሳይለይ የተረጎመ ሰው በኋላ ብዙ ጠብ ያስነሣል።

የአሽከርካሪው ወንድማችን ሐሳብ በሰነድ ላይ ሊጻፍ የሚችል ነው። ‹‹አባት እንደተመቸው ያያል›› የሚል ሐረግ ብቻ እንዳታስገቡ፤ ለማስፈጸም አይመችም። የቀኖቹ ብዛት፣ የማስታወቂያው ሁኔታ፣ የመረከቢያና የመመለሻው ሰዓትና ቦታ ይገለጽ። አባት ሥራ ቢቀይር ወይም ከእናንተ አንዱ ከተማ ቢለቅ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን እንዲያሻሽል መጠየቅ ይቻላል፤ ስለዚህ ለዐሥር ዓመት የሚሆን ስምምነት ዛሬ ለመጻፍ አትጨነቁ።

መልስ፦ የልጅ ልጆች ያሏቸው እናት

ልጄ፣ በዓሉን በዓመት ተፈራረቁት፤ ዘንድሮ ገና ለአንቺ ከሆነ ፋሲካው ለእርሱ፣ ለከርሞ ደግሞ በተቃራኒው። ነገር ግን ተራው የእርሱ ሆኖ በዋዜማው ካልደረሰ ልጆቹ በዓሉን ከአንቺ ጋር ይዋሉ፤ እርሱ በመጣ ቀን ዶሮውን ይሠራላቸው። አያታቸውንም አትርሺያቸው። ቢሾፍቱ ለአዳማ ቅርብ ናት። በክረምት ትምህርት ሲዘጋ አባታቸው ኖረም አልኖረም ሁለት ሳምንት እዚያ ይክረሙ። አባት መንገድ ላይ የሚውል ልጅ የአባቱን ዘመዶች የሚያውቀው በአያቱ ቤት ነው፤ እኔ የልጄን ልጆች ለአራት ዓመት ተከልክዬ ስለነበር የአያታቸው ናፍቆት ይገባኛል።

የጠያቂዋ ምላሽ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት አባታቸው ስለገባ በእኅቴ ቤት ተቀምጠን መልሶቻችሁን አብረን አነበብን። በወር ስድስት ቀን የሚለውን ተቀብሏል፤ ትንሹ ልጅ እስከ መስከረም ድረስ ሳያድር እንዲቆይም ተስማምቷል። የሁለቱን ጥሪ ነገር ሲያነብ ግን ጥቂት ዝም ካለ በኋላ ልጃችን በር ላይ ትጠብቀው እንደነበር እንዳልነገርኩት ገለጸልኝ። እውነቱን ነው፤ ተናድጄ ስለነበር ነግሬው አላውቅም።

እርሱ እንዲጨመር የጠየቀው አንድ ነገር አለ። ባትሪው ቢያልቅ ወይም ኔትወርክ ቢጠፋ በረዳቱ ስልክ የሚላክ መልእክት እንደ ጥሪ ይቆጠርለት። የስድስቱ ቀን ጉዳይ አንድ ጥያቄ ቀርቶብኛል፤ በአንድ ወር ሳይመጣ ቢቀር ቀኖቹ ወደሚቀጥለው ወር ይሻገራሉ?

መልስ፦ በዚያው መስመር የሚሠራ አባት

እኛ ቢበዛ ሦስት ቀን እንዲሻገር አድርገናል። ከዚያ በላይ ከተጠራቀመ ልጆቹ ለረጅም ጊዜ ከቤታቸው ይርቃሉ፤ አባትም የቀረበትን ወር እንደ ዕዳ ማስመለስ ይጀምራል። መንገዱን የሚያሳየውን ሥዕል ግን እርሱ ራሱ ይሣልላት፤ ከልጅቱ ጋር ተቀምጦ ቢሆን ይመረጣል።