ጥቆማ፦ ሐዋሳ ውስጥ ፊልምና ድራማ ሳይጎድል የት ይታያል?

ሰሞኑን ሦስት ሰው ስለ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ተከታታይ ፊልም ሱቅ ላስጭን፣ ከቴሌግራም ላውርድ ወይስ ዲሽ ላይ ጠብቄ ልየው? ለሦስቱም የመለስኩትን እዚህ ልጻፈው። እኔ የምመዝነው ታሪኩ ሙሉ ሆኖ መድረሱን ነው። "ደራሲው አበላሸው" ብለን የምንናደደው ብዙ ጊዜ ታሪኩ ጎድሎ ስለደረሰን ነው።

የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ጌም ኦፍ ትሮንስ ግንቦት 2011 ዓ.ም. ሲያልቅ፣ የመጨረሻውን ሲዝን ከአንድ ሱቅ በፍላሽ አስጫንኩ። ዴኔሪስ ከተማውን ከነሕዝቡ ስታቃጥል ጮህኩ። ባሪያ ነፃ ስታወጣ የኖረች ልጅ ድንገት ምን ነካት? ፍቅር ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለን ከጓደኛዬ ጋር አመሸን፤ እኔ እንደተቆጣሁ ነው። በመጨረሻ ረጋ ብሎ "ሚሳንዴይ ስትገደል አላየሽም እንዴ?" አለኝ። አላየሁም። 4ኛው ክፍል ፍላሼ ላይ አልነበረም። አንዱ ድራጎኗ የተገደለው፣ የልብ ጓደኛዋ አንገቷ የተቀላው በዚያ ክፍል ነው። ሱቁ 5ኛውን "4" ብሎ ጭኖልኛል።

የጎደለውን ፈልጌ ካየሁ በኋላም ንዴቴ አልበረደም፤ ምክንያቱ ግን ተቀየረ። ከ1ኛው እስከ 6ኛው ሲዝን እያንዳንዳቸው 10 ክፍል ነበራቸው። 7ኛው 7 ሆነ፣ የመጨረሻው 6 ብቻ። ልጅቷ መለወጧ አይደለም ችግሩ። የምትለወጥበት ጊዜ አልተሰጣትም። ሲዝኑ እንደገና ይሠራ ብለው ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ፈርመዋል፤ ገብቶኛል። ይህን ያህል መናገር የቻልኩት ግን ሙሉውን ካየሁ በኋላ ነው።

ስለዚህ ሱቅ ለምታስጭኑ፦ ፒያሳም ይሁን አቶቴ፣ ሲዝኑ ስንት ክፍል እንዳለው ቀድማችሁ አጣሩ። ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ኮምፒውተር ላይ የእያንዳንዱን መጨረሻ ከፍታችሁ እዩ። ልጆቹ ቢቸኩሉም ግድ የላችሁም፣ በትሕትና ጠይቋቸው።

በአማርኛ የሚተረክ ትርጉም ፊልም ከሆነ የምታስጭኑት፣ ለድብድብ ፊልም እሺ። ተርጓሚው ጨዋታ አዋቂ ከሆነ ቤት ሙሉ ሰው ያስቃል። ምስጢር ላለው ታሪክ ግን አልመክርም። አክተሩ የተናገረው ሌላ፣ እኛ የሰማነው ሌላ ይሆናል። ከዚያ መጨረሻው ካልገጠመልን በደራሲው እንፈርዳለን።

ቴሌግራም ክፍሎቹን በቅደም ተከተል በማስቀመጥ ከሱቅ ይሻላል። የሌሊት ጥቅል ገዝታችሁ አውርዱት፤ ከቀኑ ይረክሳል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፤ ከሥር የሚጻፈውን አታንብቡ። ማን እንደሚሞት እዚያ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። እኔ በዚህ ምክንያት ሁለት ፊልም አቋርጫለሁ።

ዲሽ ላይ የቱርክ ድራማ ለምትከታተሉ ደግሞ ይህን እወቁልኝ። ቃና በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር ለየገጸ ባሕርይው የራሱን ድምፅ ሰጥቶ ነው የመጣው፤ ከአንድ ተራኪ ጋር አይወዳደርም። አከራዬ እትዬ፣ ጥቁር ፍቅር የሚባለው የቱርክ ድራማ ሲጀምር ቡናውን ያቆሙት ነበር። ስለ ኦመርና ኤሊፍ የራሳቸው ልጆች ያህል ይጨነቃሉ። "ዛሬም ምንም ሳይሆን አለቀ!" ብለው ሲያማርሩ ግን ደራሲውን ነበር የሚወቅሱት። የቱርክ ድራማ በአገሩ አንዱ ክፍል 2 ሰዓት ገደማ ይሄዳል። ለውጭ ሲሸጥ ይቆራረጣል። ልባችን ተሰቅሎ የሚቀርበት ቦታ ብዙውን ጊዜ ደራሲው ያሰበው አይደለም። የእኔ ምክር ሦስት አራት ክፍል አጠራቅሞ በአንዴ ማየት ነው። እትዬን ይህን ማሳመን አልቻልኩም፤ ከጎረቤት ጋር በየቀኑ ማየቱን ይወዱታል፣ እሱም የራሱ ደስታ አለው።

ለአገር ውስጥ ድራማ ያለ ማመንታት ዩቲዩብ እላለሁ፤ የጣቢያው የራሱ ገጽ ላይ ከሆነ። መብራት ቢጠፋ ነገ ከቆመበት ይቀጥላል። ሰው ለሰው የሚባለው ድራማ በኢቲቪ በሚታይበት ዘመን ያመለጠው አመለጠው ነበር። በማግስቱ ባጃጅ ውስጥ ስለ አስናቀ ሲወራ ያላየ ሰው ዝም ብሎ ይሰማል። አበበ ባልቻ ያንን ክፉ ሰው እንዴት አድርጎ እንደተጫወተው! ይጥፋ እያልን፣ የሌለበት ትዕይንት ሲመጣ ደግሞ እንፈልገዋለን።

ለአንድ ወጥ ፊልም ከሆነ አዳራሽ ግቡ። ስልክ ላይ ብቻችሁን አትዩት። አክተሩ ሲሞት አዳራሹ የሚያወጣውን ድምፅ መስማት ያስፈልጋል። ከዚያ በእግር ወደ ሐይቁ ውረዱ፤ ክርክሩ እዚያ ይጥማል። ታይታኒክ በ1990 ዓ.ም. ወጥቶ፣ መርከቡ ሰጥሞ ጃክ ውኃው ውስጥ ሲሞት፣ ፍቅረኛው ሮዝ የተረፈችበት ሳንቃ ላይ አብሯት ይበቃ ነበር ወይስ አይበቃም የሚለው ሙግት ስንት ዓመት ቆየ? ዳይሬክተሩ ጄምስ ካሜሩን በ2015 ዓ.ም. ሁለት ሰዎችን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አስገብቶ ሙከራ እስኪያደርግ ድረስ። በአንዱ ሙከራ ጃክ ሊተርፍ ይችል እንደነበር ታየ። እኔና ጓደኛዬ ግን አሁንም አልተስማማንም። እሱ ጃክ መሞት ነበረበት ይላል። እኔ ሮዝ ትንሽ ጠጋ ብትልለት ኖሮ እላለሁ።